የልደት ቀን፣ የታቦት ቀን፣ የህልም ቁጥር፦ ሰው የሎተሪ ቁጥሩን እንዴት ይመርጣል?

እ.ኤ.አ. ማርች 30 ቀን 2005 ምሽት በአሜሪካ የፓወርቦል ሎተሪ ዕጣ ወጣ። አንደኛው ዕጣ በቴነሲ ግዛት ለተሸጠ አንድ ትኬት ደረሰ። እስከዚህ ድረስ ነገሩ የተለመደ ነበር። የሁለተኛው ዕጣ ባለዕድሎች ሲቆጠሩ ግን የሎተሪው ኃላፊዎች ደነገጡ። አምስቱን ነጭ ኳሶች በትክክል የገመተው ሰው ቢበዛ አራት አምስት ይሆናል ተብሎ ሲጠበቅ 110 ሆኖ ተገኘ። ያልታሰበው ወጪ ወደ 19 ሚሊዮን ዶላር ተጠጋ።

መጀመሪያ የመጣው ሐሳብ ማጭበርበር ነው። ኃላፊዎቹ የቴሌቪዥን ድራማዎችን ፈተሹ፤ ምናልባት አንድ ገጸ ባሕርይ እነዚህን ቁጥሮች ተናግሮ ይሆን አሉ። ቁጥሮቹ በመሙያ ቅጹ ላይ አንዳች ቅርጽ ይሠሩ እንደሆነም አዩ። የሚጨበጥ ነገር ጠፋ። አንድ ነገር ግን ዓይን ውስጥ የሚገባ ነበር፤ ከአሸናፊዎቹ አብዛኞቹ ስድስተኛ አድርገው የሞሉት ያው አንድ የተሳሳተ ቁጥር፣ 40 ነው። የወጣው 42 ነበር። በማግስቱ ባለዕድሎቹ ገንዘባቸውን ሊወስዱ በየግዛቱ ቢሮ ሲቀርቡ ቁጥሩን ከየት እንዳመጡት ተጠየቁ። መልሳቸው አንድ ሆነ፦ ከቻይና ምግብ ቤት ኩኪስ ውስጥ።

አሜሪካ የኖረ ሰው ይህን ኩኪስ ያውቀዋል። ምግቡ ተበልቶ ሒሳብ ሲመጣ አብሮ የሚቀርብ ታጥፎ የተጋገረ ጣፋጭ ነው። ሲሰበር ከውስጡ ቀጭን ወረቀት ይወጣል፤ በወረቀቱ ላይ መልካም ምኞት ወይም ምክር፣ ከዚያም ስድስት “የዕድል ቁጥሮች” ታትመዋል። የሎተሪ ኃላፊዎቹ ወረቀቷን ተከትለው በኒውዮርክ ከተማ፣ ኩዊንስ ውስጥ ሎንግ አይላንድ ሲቲ የሚገኝ ዋንተን ፉድ የተባለ ፋብሪካ ደረሱ። ፋብሪካው በቀን አራት ሚሊዮን ያህል ኩኪስ ይጋግር ነበር። ቁጥሮቹም በሳህን ውስጥ ከተደባለቁ ወረቀቶች በእጅ እየተነሱ የታተሙ ነበሩ። 22፣ 28፣ 32፣ 33፣ 39 እና 40 በዚህ መንገድ ተለቅመው፣ ተባዝተው፣ በመላው አሜሪካ ተበተኑ።

ያጭበረበረ ሰው አልነበረም። 89 ሰዎች መቶ መቶ ሺህ ዶላር፣ ተጨማሪ ክፍያ የከፈሉት 21 ሰዎች ደግሞ አምስት አምስት መቶ ሺህ ዶላር ተቀበሉ። ከዚህ ሁሉ ግን ልብ ሊባል የሚገባው ያልሆነው ነገር ነው። የፓወርቦል ሁለተኛ ዕጣ መጠኑ የተወሰነ ስለሆነ አሸናፊ ቢበዛም የአንዱ ድርሻ አይቀንስም። አንደኛው ዕጣ ግን ለባለዕድሎቹ ይከፋፈላል። በወረቀቷ ላይ 40 በተጻፈበት ቦታ 42 ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ በቴነሲ የነበረው ሰው ዕጣውን ከመቶ ከሚበልጡ የማያውቃቸው ሰዎች ጋር ይካፈል ነበር።

ቁጥር መምረጥ ላይ የሚነገረው ዋና እውነት እዚህ ላይ ይገኛል። ኳሶቹ የማንንም ልደት አያውቁም፤ ማንኛውም ስድስት ቁጥር ከማንኛውም ስድስት ቁጥር ጋር እኩል የመውጣት ዕድል አለው። ሰው ቁጥር ሲመርጥ የሚወስነው ማሸነፉን ሳይሆን ቢያሸንፍ ከስንት ሰው ጋር እንደሚካፈል ነው። ሰዎች የሚመርጡት ደግሞ፣ እያንዳንዱ ለብቻው የሚያስብ እየመሰለው፣ በሚያስገርም ሁኔታ አንድ ዓይነት ነው።

ለዚህ ከማንም በላይ ግልጽ ማስረጃ የሰጠችው እንግሊዝ ናት። ብሔራዊ ሎተሪዋ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1994 ሲጀመር ተጫዋቹ ከ1 እስከ 49 ካሉት ቁጥሮች ስድስት ይመርጥ ነበር፤ ስድስቱንም የማግኘት ዕድሉ ከ13,983,816 አንድ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ጃንዋሪ 14 ቀን 1995፣ ኳሶቹ 7፣ 17፣ 23፣ 32፣ 38 እና 42 ሆነው ወጡ። አንደኛው ዕጣ ከ16 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነበር። በዚያ ምሽት ስድስቱም ቁጥሮቹ ሲወጡለት በቴሌቪዥን ያየ ሰው ሚሊየነር ሆንኩ ብሎ መተኛቱ አይቀርም። ሲነጋ ባለዕድሎቹ 133 መሆናቸው ታወቀ፤ ለእያንዳንዳቸው 122,510 ፓውንድ ደረሳቸው። የዚያ ሳምንት ሽያጭ 70 ሚሊዮን ትኬት ገደማ ስለነበር ሰዎች ቁጥራቸውን በዘፈቀደ ሞልተው ቢሆን ኖሮ አሸናፊዎቹ አምስት አካባቢ ይሆኑ ነበር።

እነዚህ ስድስት ቁጥሮች ያን ያህል ሰው የሳቡት ለምንድን ነው? 7 እና 17 በብዙ አገር ሰው የሚወዳቸው ናቸው። ከዚያ የሚበልጠው ምክንያት ግን ቅጹ ነው። በመሙያ ወረቀቱ ላይ ቁጥሮቹ አምስት አምስት ሆነው በመስመር ተደርድረዋል፤ የወጡት ስድስቱም ከግራና ከቀኝ ዳር ርቀው መሃል ላይ የተቀመጡ ናቸው። እርስ በርስ የሚከታተል ቁጥር የለባቸውም፤ ከላይ እስከ ታች ደስ በሚል ሁኔታ ተበትነዋል። ሰው “በዘፈቀደ” እመርጣለሁ ሲል እጁ የሚሄደው ወደዚህ ዓይነቱ አቀማመጥ ነው። ጠርዝ ያስፈራዋል፤ ተከታታይ ቁጥር የተቀነባበረ ይመስለዋል፤ ስለዚህ መሃሉን ይይዝና ያራርቃል። አእምሯችን ዘፈቀደን የሚያውቀው በመልኩ ነው። የተበታተነ የሚመስለውን ዘፈቀደ ነው ይላል፤ ሥርዓት ያለው የሚመስለውን ደግሞ ሊሆን አይችልም ይላል። የሥነ ልቦና ሊቃውንቱ አሞስ ትቨርስኪ እና ዳንኤል ካነማን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሰፊው ያጠኑት ይህንኑ ነው፦ ሰው የአንድን ነገር ዕድል የሚመዝነው በስሌት ሳይሆን ነገሩ ከጠበቀው መልክ ጋር በመመሳሰሉ ነው።

1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6ን ያህል ለመውጣት የማይችል የሚመስል ቁጥር የለም። ዕድሉ ግን ከሌሎቹ ጋር እኩል ነው። ይህን የተረዱ ሰዎችም አሉ፤ “ማንም የማይመርጠውን ልምረጥ” ብለው ይሞሉታል። በእንግሊዝ በየሳምንቱ እንዲህ የሚያስበው ሰው 10,000 ገደማ ነበር። ቁጥሩ አንድ ቀን ቢወጣ 16 ሚሊዮኑ ፓውንድ ለእያንዳንዱ 1,600 ፓውንድ ብቻ ያደርሰዋል።

ከቅርጽ ቀጥሎ፣ ምናልባትም ከቅርጽ በላይ፣ የሰውን እጅ የሚመራው ቀን ነው። የራስ ልደት፣ የልጅ ልደት፣ የሠርግ ቀን፣ እናት ያረፈችበት ቀን። ቀን ከ31 አይበልጥም፤ ወር ከ12 አይበልጥም። በዚህ የተነሳ በየአገሩ የሎተሪ ሽያጭ ሲመረመር ትንንሾቹ ቁጥሮች ይጨናነቃሉ፣ ከ31 በላይ ያሉት ክፍት ሆነው ይቀራሉ። ዕጣው ዝቅ ባሉ ቁጥሮች ብቻ ሲወጣ አሸናፊው ይበዛል፤ ከፍ ከፍ ባሉት ሲወጣ ያንሳል።

ሐበሻው በዋሽንግተንም ሆነ በለንደን ቅጽ ሲሞላ ከዚህ ወጥመድ የሚያወጣው አቆጣጠር የለውም። በእኛ ዘመን አቆጣጠር ቀኑ ከ30 አያልፍም፤ ወሩ ጳጉሜን ተጨምሮ 13 ነው። ከልደትም ሌላ በኦርቶዶክስ ቤት ያደገ ሰው በልቡ ይዟቸው የሚዞር ቁጥሮች አሉት፤ አቦ 5፣ ሥላሴ 7፣ ሚካኤል 12፣ ኪዳነ ምሕረት 16፣ ገብርኤል 19፣ ማርያም 21፣ ጊዮርጊስ 23፣ መድኃኔዓለም 27፣ በዓለ ወልድ 29። ቁጥር ምረጥ ሲባል መጀመሪያ ወደ አፍ የሚመጡት እነዚህ ቢሆኑ ምን ይገርማል? ለአንዱ ሰው እጅግ የግሉ የሆነው የስለት ቀን፣ በዚያው ወረፋ ከኋላው ለቆመውም ሰው የስለት ቀኑ ነው። ሁሉም ደግሞ ከ30 በታች ናቸው።

አገር ቤት ጉዳዩ ትንሽ ይለያል። በ1954 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ሎተሪ ለረጅም ዘመን ሲሸጥ የኖረው ቁጥሩ አስቀድሞ የታተመበት ወረቀት ነው። ቆራጩ ቁጥር አይፈጥርም፤ ከቀረበለት ያነሳል። ቢሆንም የእንቁጣጣሽ ሎተሪ ሰሞን ሎተሪ አዟሪ ዙሪያ ለአፍታ ቆሞ ያስተዋለ ሰው የምርጫው ጣጣ እዚህም እንዳለ ያያል። አዟሪው እስሩን እንደ ካርታ ዘርግቶ ያቀርባል። ቆራጩ ከላይ ያለውን አይወስድም። ገለጥ ገለጥ ያደርጋል፤ መጨረሻዎቹን አሃዞች ያነባል፤ ድርብ ዜሮ ያለበትን ያልፋል፤ ከመሃል አንዱን ስቦ ያያል፣ ይመልሰዋል፣ ሌላ ይስባል። አንዳንዱ ደግሞ ለልጁ “አንተ አንሳልኝ፣ እጅህ ንጹሕ ነው” ይለዋል። አዟሪውም ይህን ስለሚያውቅ አይቸኩልም። ሰው ራሱ ያነሳውን ዕጣ የመመለስ ልማድ እንደሌለው ከማንም ፕሮፌሰር ቀድሞ ያወቀ እሱ ነው።

ፕሮፌሰሯ በኋላ መጣች። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤለን ላንገር እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመችው ጥናት በቢሮ ሠራተኞች መካከል አንድ ሎተሪ እንዲሸጥ አደረገች። ዋጋው አንድ ዶላር ነው፤ ዕጣዎቹ የእግር ኳስ ተጫዋቾች ፎቶ ያለባቸው ካርዶች ነበሩ፤ በእርግጥ የአሜሪካው እግር ኳስ። ግማሾቹ ሠራተኞች ካርዳቸውን ራሳቸው መረጡ። ለቀሩት ሻጩ መርጦ ሰጣቸው። ዕጣው ሊወጣ ሲቃረብ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ቀረበለት፦ ካርድህን የሚፈልግ ሌላ ሰው አለ፣ በስንት ትሸጥለታለህ? የተሰጣቸው ሰዎች በአማካይ 1 ዶላር ከ96 ሳንቲም ጠየቁ። ራሳቸው የመረጡት የጠየቁት 8 ዶላር ከ67 ሳንቲም ነው። ካርዱ ያው ነው፣ ዕጣው ያው ነው፣ የማሸነፍ ዕድሉም ያው ነው። የተለየው የማን እጅ እንዳነሳው ብቻ ነበር። ላንገር ይህን ዝንባሌ “የመቆጣጠር ቅዠት” አለችው፤ ችሎታ በሚጠይቅ ነገር ላይ የምናደርገውን፣ መምረጥን፣ ማሰብን፣ መለማመድን፣ ፍጹም ዕድል በሆነ ነገር ላይም ስናደርገው ውጤቱ በእጃችን ያለ ይመስለናል።

ከእጅ የገባን ዕጣ ስለ መልቀቅ ደግሞ በኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ማያ ባር-ሂለል እና ኤፍራት ኔተር የሠሩት ሙከራ አለ፤ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ተማሪዎች የሎተሪ ዕጣ ታደላቸው። ከዚያ ለመለዋወጥ ፈቃደኛ ለሆነ ትንሽ ጉርሻ እንደሚጨመርለት ተነገራቸው። በስሌት ካየነው እንቢ የሚያሰኝ ነገር የለም፤ አዲሱም ዕጣ ዕድሉ እኩል ነው፣ ጉርሻው ትርፍ ነው። ሆኖም ግማሹን ያህል እንኳ ተማሪ አልተስማማም። በሌላ ጊዜ በዕጣው ፋንታ እስክሪብቶ ታድሎ ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብ ከ90 በመቶ በላይ የሆኑት ያለማንገራገር ለወጡ። እስክሪብቶ ከእጅ ሲወጣ የሚያስከትለው ጣጣ የለም። የሰጡት ዕጣ አሸናፊ ሆኖ የወጣ እንደሆነ ግን ጸጸቱ ዕድሜ ልክ አይለቅም። ከ11 ዓመት በኋላ ጄን ራይዘን እና ቶማስ ጊሎቪች የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ እርምጃ አልፈው ሄዱ፤ ሰዎቹ ጸጸትን መፍራታቸው ብቻ ሳይሆን፣ የሰጡት ዕጣ ከያዙት ይልቅ የመውጣት ዕድሉ እንደሚበልጥ በውስጣቸው እንደሚሰማቸው አሳዩ። ክፉው ነገር በዓይነ ሕሊና ጎልቶ ስለሚታይ የሚቀርብ ይመስላል።

ይህን ጸጸት ለገበያ ያዋለ ሎተሪ አለ። በኔዘርላንድስ የፖስታ ኮድ ሎተሪ ውስጥ ቁጥሩ የሚመረጥ አይደለም፤ የቤቱ አድራሻ ኮድ ራሱ ዕጣ ነው። ኮዱ ሲወጣ በዚያ ሰፈር ትኬት የቆረጠ ሁሉ ያሸንፋል። ያልቆረጠው ጎረቤት ቁጥሩ መውጣቱን ያውቃል፤ ጎረቤቶቹ የተሸለሙትን መኪና ደጃፉ ላይ ያየዋል። ማርሴል ዜለንበርግ እና ሪክ ፒተርስ የተባሉ የአገሪቱ ተመራማሪዎች ሰዎች ይህን ሎተሪ የሚቆርጡበትን ምክንያት ሲያጠኑ፣ ሊመጣ የሚችለውን ጸጸት መፍራት በውሳኔያቸው ውስጥ ትልቅ ድርሻ እንዳለው አገኙ። በተራው ሎተሪ ሳምንት ሳያስታጉል አንድ ቁጥር የሚሞላ ሰውም የታሰረው በዚሁ ገመድ ነው። ለዓመታት የልጆቹን ልደት ሲሞላ ቆይቶ ዛሬ ቢተው፣ ዛሬ ማታ ቢወጣስ? ቁጥሩ ካልተለወጠ መቆም አይቻልም። በየጊዜው አዲስ ቁጥር ማሽኑ እንዲመርጥለት የሚያደርግ ሰው ይህ ሸክም የለበትም፤ ያልቆረጠው ቁጥር የትኛው እንደነበር አያውቅምና። በአሜሪካ ከሚሸጡት የፓወርቦል ትኬቶች ከ70 እስከ 80 በመቶው ማሽን የመረጣቸው ናቸው፤ ከአሸናፊዎቹም ተቀራራቢው ድርሻ የእነሱ ነው። ማሽኑም ሰውየውም ኳሱ ፊት እኩል ናቸው ማለት ነው።

ሌላው የምርጫ መንገድ ያለፉትን ዕጣዎች ማጥናት ነው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ላፕላስ እ.ኤ.አ. በ1814 ባሳተመው መጽሐፉ የአገሩ ሰዎች ለረጅም ጊዜ ያልወጣ ቁጥር ሲያገኙ ገንዘባቸውን ይዘው ወደሱ እንደሚጎርፉ ጽፏል። ከዚያ ወዲህ የተለወጠ ነገር የለም። ቻርልስ ክሎትፌልተር እና ፊሊፕ ኩክ የተባሉ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን የሜሪላንድን ባለሦስት አሃዝ ዕለታዊ ሎተሪ መዝገብ መረመሩ፤ ሜሪላንድ ዛሬ ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ግዛት ናት። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1993 ታተመ። አንድ ቁጥር በወጣ ማግስት በዚያ ቁጥር ላይ የሚመደበው ገንዘብ ወዲያው ያሽቆለቁላል፤ ወደ ቀድሞው የሚመለሰው ቀስ በቀስ፣ ከወራት በኋላ ነው። “አሁን ወጥቷል፣ ተራው አልፏል” ነው ነገሩ። ኳስ ግን ተራ አይጠብቅም፤ ትናንት መውጣቱን አያስታውስም።

የዚህ እምነት ዋጋ የት ድረስ ሊደርስ እንደሚችል ያየችው ጣሊያን ናት። እዚያ ሎቶ የሚባለው ጨዋታ ለዘመናት የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 መጀመሪያ አሥር ከተሞች ነበሩበት፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ለእያንዳንዱ ከተማ ከ1 እስከ 90 ካሉት ቁጥሮች አምስት ይወጡ ነበር። ተጫዋቹ በመረጠው ከተማ በመረጠው ቁጥር ላይ ይመድባል። በናፖሊ ደግሞ የህልም መዝገብ አለ፤ ስሞርፊያ ይሉታል። በህልም የታየ ነገር ሁሉ ቁጥር አለው፦ እብድ 22 ነው፣ የሞተ ሰው 47፣ የሞተ ሰው ከተናገረ 48፣ ፍርሃት 90። ጠዋት ከእንቅልፉ የተነሳ ሰው ህልሙን ለጎረቤት ይነግራል፣ ጎረቤት በመዝገቡ ይፈታል፣ ከዚያ ወደ ሎቶ ሱቅ ይኬዳል። በዚያ አገር ቁጥር ከሰው ኑሮ ጋር ተጋብቷል።

በቬኒስ ረድፍ 53 ቁጥር እ.ኤ.አ. በሜይ 2003 ወጥቶ ከዚያ ጠፋ። ወሩ አለፈ፣ ዓመቱ አለፈ። የጣሊያን ጋዜጦች “የዘገዩ” ቁጥሮችን ዝርዝር ማተም ልማዳቸው ነውና 53 የዝርዝሩ አናት ላይ ወጣ። ሕዝቡ ገንዘብ ማፍሰስ ጀመረ። በዘገየ ቁጥር “አሁንማ ደርሷል” የሚለው ይበዛል፤ የተሸነፈው ደግሞ የከሰረውን ለማስመለስ መደቡን እጥፍ ያደርጋል። በአንዱ ቁጥር ላይ የፈሰሰው ገንዘብ በጠቅላላው ከ3.5 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ደረሰ። ቤቱን ያስያዘ፣ የቤተሰቡን ቁጠባ የጨረሰ፣ የተበደረ ሞላ። ከክስረቱ የተነሳ ራሳቸውን ያጠፉ ሰዎች ዜና በጋዜጦች ወጣ፤ በፍሎረንስ አካባቢ አንድ ሰው ሚስቱንና ልጁን ገድሎ ራሱን አጠፋ። የሸማቾች መብት ተሟጋች ድርጅት ኮዳኮንስ ቁጥሩ ከጨዋታው እንዲወጣ መንግሥትን ጠየቀ። ቁጥሩ የወጣው ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2005 ነው፤ 182 ዕጣዎች ያለ እሱ ካለፉ በኋላ።

ስሌቱን ማየት ይጠቅማል፤ ከባድ አይደለም። ከ90 ቁጥር አምስት ሲወጣ አንዱ ቁጥር የመውጣት ዕድሉ ከ18 አንድ ነው። በሜይ 2003 ከ18 አንድ ነበር። 100 ዕጣ ካለፈ በኋላም ከ18 አንድ ነው። በ182ኛው ምሽትም እንዲሁ። የቆየው ጊዜ ያንን ዕድል አንዲት ነጥብ አልጨመረለትም። “ይህን ያህል መዘግየቱ ራሱ ተአምር አይደለም ወይ?” ለሚል፣ አንድ ተለይቶ የተያዘ ቁጥር ከተለየ ቀን ጀምሮ 182 ጊዜ በተከታታይ ሳይወጣ የመቅረቱ ዕድል ከ33 ሺህ አንድ ገደማ ነው። ነገር ግን በአሥሩ ከተሞች በጠቅላላው 900 ቁጥሮች እኩል ይሮጣሉ፣ ዓመት ከዓመት። ከእነዚህ መካከል አንዱ አንድ ቀን እንዲህ መዘግየቱ አይቀሬ ነው። ሰው ዓይኑን የጣለው ከዘገየ በኋላ በዘገየው ላይ ነውና ተአምር መሰለው።

ጨዋታውን የሚያካሂዱትም ቢሆኑ ከዚህ ጣጣ አላመለጡም፤ የሰዎች ምርጫ ሲገጣጠም የሚጠረጠሩት እነሱ ናቸው። በምዕራብ ጀርመን እ.ኤ.አ. ጁን 18 ቀን 1977 የስድስት ቁጥር አሸናፊዎች 205 ሆኑ፤ ምክንያቱ ሲታይ የወጡት ቁጥሮች በቀደመው ሳምንት በጎረቤት አገር በኔዘርላንድስ የወጡት ነበሩ። 205 ሰዎች ያንን ገልብጠው ሞልተዋል። በጃንዋሪ 1988 ደግሞ 24፣ 25፣ 26 እና 30፣ 31፣ 32 ወጥተው 222 አሸናፊ ተገኘ፤ ቅጹ መሃል ላይ ሁለት አጫጭር መስመሮች ናቸው። በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 2020 ኳሶቹ 5፣ 6፣ 7፣ 8፣ 9 ሆነው ተጨማሪዋ ኳስ 10 ስትወጣ ሕዝቡ “ተሠርቷል” ብሎ ጮኸ፤ ሃያ ሰዎች ግን ይህንኑ ሞልተው 5.7 ሚሊዮን ራንድ ገደማ ለየራሳቸው ወሰዱ። በፊሊፒንስ በኦክቶበር 2022 የወጡት ስድስቱም ቁጥሮች የዘጠኝ ብዜቶች ነበሩ፤ ከ9 እስከ 54። አሸናፊው 433 ሆነ። በአገሪቱ ሴኔትም ምርመራ እንዲደረግ ተጠየቀ።

የእነዚህ ጥርጣሬዎች ምንጭ አንድ ነው። ዕጣው የተለየ አልነበረም፤ የዘጠኝ ብዜቶች ከሌሎች ስድስት ቁጥሮች ያነሰ ዕድል የላቸውም። የተለየው በየሳምንቱ በብዙ መቶ ሰዎች ተመርጠው ሲጠብቁ መኖራቸው ነው። መራጮቹ እንደ ሕዝብ ሲታዩ የሚገመቱ ናቸው፤ ኳሱ ግን የሚገመት አይደለም።

የቁጥሩ ነገር ወደ ሻጩም ይሻገራል። ጆናታን ጉርያን እና ሜሊሳ ኪርኒ በቴክሳስ ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት መሠረት አንደኛ ዕጣ የወጣበትን ትኬት የሸጠ ሱቅ በቀጣዩ ሳምንት የዚያ ሎተሪ ሽያጩ ከ12 እስከ 38 በመቶ ከፍ ይላል። እኛም አገር አንደኛ ዕጣ የሸጠ አዟሪ ሲገኝ እጁ ገር ነው ተብሎ መፈለጉ ከዚህ የተለየ አይደለም። ለአዟሪው ይህ እውነተኛ ሲሳይ ነው፤ ደስ ሊለን ይገባል። ለቆራጩ ግን የሚጨምርለት ነገር የለም።

ሎተሪ የሚቆርጥ ሰው ሞኝ ነው ማለት አይቻልም። ለጥቂት ብር እስከ ዕጣው ቀን ድረስ የሚዘልቅ ተስፋ ይገዛል፤ ቤት ይሠራበታል፣ እናቱን ያሳክምበታል፣ በሐሳቡ። የልጁን ልደት በቅጹ ላይ ሲያሰፍር የሚያደርገው ነገር ከስሌት ይልቅ ለጸሎት ይቀርባል፣ ይህም ክብር ይገባዋል። አደጋው የሚጀምረው ቁጥሩ “ዕዳ አለብህ” ማለት ሲጀምር ነው፤ ዘገየ፣ ደረሰ፣ አሁን ብተው ይወጣል በሚል። የቬኒሶቹ ሰዎች የወደቁት እዚያ ላይ ነው።

ስለዚህ ቁጥር በሚመረጥበት አገር የምትኖሩ አንባቢያን፣ ከቆረጣችሁ ከ31 በላይ ያሉትን አትርሱ፣ ቅጹ ላይ ቅርጽ አትሥሩ፣ ያለፈውን ሳምንት ዕጣ አትገልብጡ፤ ዕድላችሁን ባይጨምርም ከወጣላችሁ ተካፋይ ይቀንስላችኋል። የዘገየ ቁጥር እንነግራችኋለን ለሚሉ አትክፈሉ። አገር ቤት ያላችሁም የቱንም ብታነሱ ከላይኛው ጋር እኩል ነውና ሳትጨነቁ አንዱን አንሱ። የቤት ኪራይና የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ግን ለየትኛውም ቁጥር፣ የቱንም ያህል ቢዘገይ፣ አይነካ።